የመዝገቡ ዳታቤዝ «አትገባም» ባለ ጊዜ ስለሚደረግ ምርመራ

ለአገር ገዥዎች፥ ለባለይዞታዎችና ለወረዳ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

የእርሻ መሠረቱ መሬት ነው፤ የመሬት ዋስትናው ደግሞ መዝገብ ነው። ማሳው በጊዜው ቢታረስ፥ ዘሩም ቢሰምር፥ መሬቱ በማን እጅ እንደ ኾነ የሚመሰክር የታመነ መዝገብ ከሌለ ገበሬው የድካሙን ፍሬ ያለ ሥጋት ሊበላ አይችልም። ስለዚህ መዝገብን መጠበቅ ከእርሻ ሥራ አንዱ ክፍል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በአገራችን የገጠር መሬት ይዞታ የሚመዘገብበት ሥርዓት በ1997 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 456 ተደንግጎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1324 ተተክቶበታል። የከተማ ቦታ ይዞታም በ2006 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 818 መሠረት ይመዘገባል። በመጀመሪያ ምዝገባው በባሕር መዝገብ ላይ በብዕር ይጻፍ ነበር፤ አኹን ግን በብዙ ስፍራ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሮ ዳታቤዝ በሚባለው ጐተራ ውስጥ ተቀምጧል። ዳታቤዙን የሚያኖረውና ለጽሕፈት ቤቶች ኹሉ የሚያድለው ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል።

ጐተራ በር አለው፤ በርም ጠባቂ ያሻዋል። የሰርቨሩ በር ጠባቂ ማናቸውንም ገቢ ማንነቱን ሳይመረምር አያስገባም። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የታወቀውን ጸሐፊ «አትገባም» ብሎ ስለሚመልሰው ሥራ ይቆማል፥ ባለጉዳይም ይጉላላል። በዚህ ጊዜ ሹሙ ተቈጥቶ «በሩን ክፈቱት!» ቢል፥ ባለሙያውም ፈርቶ በሩን ለኹሉ ቢከፍት፥ ከእንግልቱ የከፋ ጥፋት ይመጣል። ይህን ትምህርት የጻፍነው ሹሙ ራሱ ሰርቨሩን እንዲጠግን አይደለም፤ ባለሙያውን ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚከለክል እንዲያውቅ ነው።

ስለ ማኅተም

የሰውን ማንነት አረጋግጦ ሥራን ማመን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የእርሻውን ሥራ ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ፥ የጽሕፈቱን ሥራ ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጡ። የንጉሡ ማኅተም ጠባቂ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበረ። በሩቅ አገር ያለ ገዥ ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ የንጉሡን ፊት አያይም፤ የሚያየው ማኅተሙን ነው። ስለዚህ ማኅተሙ በአንድ የታመነ እጅ ብቻ እንዲቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ማኅተም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቢኾን ኖሮ የማተሙ ምስክርነት በከንቱ በቀረ ነበር።

ዛሬ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይህንኑ የማኅተም ሥራ ይሠራሉ። ስሙ «እኔ እገሌ ነኝ» ይላል፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ያን ያረጋግጣል። በመዝገቡ ላይ የሚደረገው ለውጥ ኹሉ የሚታመነው ለውጡን ያደረገው ሰው ማን እንደ ኾነ በታወቀ መጠን ነው።

ምሳሌ ከቀራንዮ

ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ከተማው እየሰፋ በሄደ ቍጥር በዚያ አቅጣጫ የእርሻ ማሳ የነበረው መሬት ቤትና መንገድ ተሠርቶበታል፤ ስለዚህ የይዞታ መዝገብ ዋጋው ከፍ ያለበት ስፍራ ነው። እንግዲህ ለትምህርት ያህል በዚያ አንድ የመሬት መዝገብ ጽሕፈት ቤት እንዳለ እናስብ። እሑድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ንጋት ላይ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ከሩብ ባልዋ የሞተባት አንዲት ባለይዞታ የውርሱን ስም ለማዛወር መጣች። ጸሐፊው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ቢጽፍ ሰርቨሩ መለሰው፤ ደግሞ ቢሞክርም መለሰው። እመት ባለይዞታ በወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሹሙ ምን ያድርግ?

ምርመራው በተራ እንጂ በግምት ሊኾን አይገባም። ተራውም እንደሚከተለው ነው። ምሳሌ የምናደርገው ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም መነሻው በ1986 በአውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተጀመረ ሲኾን፥ በነጻ የሚገኝ ስለ ኾነ በብዙ መንግሥታትና ድርጅቶች ይሠራበታል።

1ኛ፤ የተከለከለው አንድ ሰው ነው ወይስ ኹሉም?

ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በብዙ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊው በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ አይገባም፤ በመካከል ሌላ የሥራ ፕሮግራም አለ። ጸሐፊው ለፕሮግራሙ ስሙን ይሰጣል፤ ፕሮግራሙም በራሱ ስም ወደ ዳታቤዙ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ ተከልክሎ ባልደረቦቹ በዚያው ክፍል የሚሠሩ እንደ ኾነ ችግሩ ከእርሱ ስም፥ ከይለፍ ቃሉ ወይም ከሚሠራበት ኮምፒዩተር ነው። ኹሉም ከተከለከሉ ግን የአንድ ሰው የይለፍ ቃል መቀየር ምንም አይረዳም፤ ነገሩ በፕሮግራሙና በሰርቨሩ መካከል ነው።

2ኛ፤ በሩ ላይ ጠባቂ አለ ወይ?

መብራት ከጠፋ በኋላ ሰርቨሩ ራሱ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። «ግንኙነቱ ተቀባይ አላገኘም» የሚል ቃል የወጣ እንደ ኾነ፥ ስለ ይለፍ ቃል መከራከር ሰው በሌለበት ቤት ደጅ እንደ መጣራት ነው። ባለሙያው ዳታቤዙ መነሣቱን፥ የበሩም ቍጥር ትክክል መኾኑን ያረጋግጥ፤ የፖስትግሬስኪውኤል የተለመደ የበር ቍጥር 5432 ነው። ይህ ፕሮግራም ካልታዘዘ በቀር የሚያዳምጠው ከዚያው ከሰርቨሩ ውስጥ የሚመጣውን ጥሪ ብቻ መኾኑንም ማስታወስ ይገባል።

3ኛ፤ ከየት እንደ መጣ ታውቋል ወይ?

ጠባቂው ፒጂ ኤችቢኤ የሚባል የደንብ ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ እያንዳንዱ መስመር እነዚህን ነገሮች ይናገራል፤ ወደ የትኛው ዳታቤዝ፥ ማን የሚባል ተጠቃሚ፥ ከየትኛው አድራሻ፥ በምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚገባ። ጠባቂው ከላይ ወደ ታች እያነበበ ለገቢው የሚስማማውን የመጀመሪያውን መስመር ባገኘ ጊዜ በዚያው ይቆማል። በዚያ መስመር የተጠየቀውን ማረጋገጫ ገቢው ማቅረብ ካልቻለ ወደሚቀጥለው መስመር አያልፍም፤ ይመልሰዋል። ስለዚህ ትክክለኛው መስመር ከታች ተጽፎ ሳለ ሌላ ሰፊ መስመር ከላይ ቀድሞ ቢገኝ፥ የታችኛው እንደሌለ ይቈጠራል። የሚስማማ መስመር ጨርሶ ያልተገኘ እንደ ኾነም ገቢው ይመለሳል፤ የሚወጣውም ቃል «ለዚህ አድራሻ፥ ለዚህ ተጠቃሚ የተጻፈ ደንብ የለም» የሚል ነው።

በምሳሌያችን የታየው ይኸው ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር አድራሻ 192.168.10.15 ነበር፤ በደንቡም ይህ አንድ አድራሻ ብቻ ተጽፏል። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ አድራሻ የሚያድለው መሣሪያ ለዚያው ኮምፒዩተር 192.168.10.22 የሚል ሌላ ቍጥር ሰጠው። ጸሐፊው ያው፥ የይለፍ ቃሉም ያው ሲኾን፥ ጠባቂው ግን በማያውቀው መንገድ የመጣ እንግዳ መሰለው። መድኃኒቱም ኮምፒዩተሩ ዘወትር አንድ አድራሻ እንዲይዝ በአዳዩ መሣሪያ ላይ ማስመዝገብ ነው። ደንቡን ማረም ያስፈለገ እንደ ኾነም ከእርማቱ በኋላ ሰርቨሩ ደንቡን ደግሞ እንዲያነብ መታዘዝ አለበት፤ ካልታዘዘ በአሮጌው ደንብ መሥራቱን ይቀጥላል። ለዚህም ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት አያስፈልግም።

4ኛ፤ ስሙ በትክክል ተጽፏል ወይ?

በአገራችን ይህ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት፥ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። በግእዝ ፊደልም ቢኾን «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለጆሮ አንድ ሲኾኑ ለኮምፒዩተር ኹለት ልዩ ስሞች ናቸው፤ ጸ እና ፀ፥ ሀ እና ሐም እንዲሁ። በላቲን ፊደል ደግሞ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል። ስለዚህ ስም ሲመዘገብ አጻጻፉ አንድ ጊዜ ተወስኖ ለባለስሙ በጽሑፍ ይሰጥ።

ደግሞም ብዙ ኮምፒዩተር በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየተቀያየረ ይጽፋል። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ፊደሉ በነጥብ ስለሚሸፈን፥ ጸሐፊው በእንግሊዝኛ የጻፈ መስሎት በአማርኛ ይጽፋል፤ ቢደጋግመውም ስሕተቱን አያየውም። ከኹሉ በፊት የፊደል መቀየሪያውን መመልከት ብዙ ድካም ያድናል።

5ኛ፤ የይለፍ ቃሉ ዘመኑ አልፏል ወይ?

ለይለፍ ቃል የሚያበቃበት ቀን ሊወሰንለት ይችላል። ቀኑ የሚነበበው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. የሚሠራ ሰው «እስከ 2019 ይቈይ» ብሎ የኢትዮጵያን ዓመት ቢጽፍ፥ ሰርቨሩ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ቀን አድርጎ ያነበዋልና የይለፍ ቃሉ በተሰጠበት ዕለት የሞተ ይኾናል። በሰዓትም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው «በ2 ሰዓት ከሩብ ተከለከልኹ» ሲል በአውሮፓ አቈጣጠር 8 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ሰርቨሩ የዓለሙን መደበኛ ሰዓት የሚከተል ከኾነ ደግሞ የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ስለሚቀድም 5 ሰዓት ከሩብ ብሎ ይመዘግበዋል። ይህን የማያውቅ መርማሪ የተፈጸመውን ነገር በሌላ ሰዓት ሲፈልግ ይውላል።

6ኛ፤ ማረጋገጫው ከአሮጌ ወደ አዲስ ተለውጧል ወይ?

ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን እንዳለ አያስቀምጠውም፤ ፈጭቶ ያስቀምጠዋል። ጤፍ ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱ ወደ ጤፍ እንደማይመለስ፥ ከተፈጨው ምልክት የይለፍ ቃሉን መልሶ ማግኘት እንዲያስቸግር ነው። የቀድሞው አፈጫጨት ኤምዲ5 ይባላል፤ ደካማ መኾኑ ታውቋል። የተሻለው ስክራም ሲኾን በ2017 በአውሮፓ አቈጣጠር በወጣው በ10ኛው እትም ገባ፤ በ2021 ከወጣው ከ14ኛው እትም ጀምሮም የተለመደው ኾነ። እንግዲህ ደንቡ ስክራምን የሚጠይቅ ኾኖ ሳለ የጸሐፊው የይለፍ ቃል በኤምዲ5 እንደ ተፈጨ የቀረ ከኾነ፥ ትክክለኛውን ቃል ቢጽፍም ይመለሳል። መድኃኒቱ የይለፍ ቃሉን እንደ ገና ማስመዝገብ ነው። አሮጌ የሥራ ፕሮግራምም ስክራምን ካላወቀ መግባት አይችልምና ፕሮግራሙ ይታደስ፤ ለአሮጌው ፕሮግራም ሲባል ጥበቃውን ወደ ኋላ መመለስ ግን አይገባም።

7ኛ፤ መግባት ወይስ መሥራት ነው የተከለከለው?

ጸሐፊው ከገባ በኋላ «ይህን መዝገብ ለመንካት ፈቃድ የለህም» ቢባል፥ ይህ የማንነት ጕዳይ አይደለም፤ የሥልጣን ጕዳይ ነው። እንግዳ በደጅ መመለሱና ገብቶ ዕቃ እንዳይነካ መከልከሉ ልዩ ልዩ ነገር እንደ ኾነ ኹሉ፥ እነዚህን ኹለቱን መለየት ያስፈልጋል። ሥልጣኑን መወሰን የባለሙያው ሳይኾን የሹሙ ፋንታ ነው።

የበር ጠባቂው ማስታወሻ

በምርመራው ኹሉ የሚበልጠው ምስክር ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፈው ሎግ የሚባለው የዕለት ማስታወሻ ነው። ጠባቂው ለተመለሰው ሰው ምክንያቱን በሙሉ አይነግረውም፤ «የይለፍ ቃል ማረጋገጫው አልተሳካም» ብሎ ይተወዋል። ይህንም የሚያደርገው ሌባ ስሙ ትክክል እንደ ኾነና ቃሉ ብቻ እንደ ጐደለው እንዳያውቅ ነው። በሎጉ ውስጥ ግን እውነቱን ይጽፋል፤ ስሙ የሌለ እንደ ኾነ፥ የይለፍ ቃል ያልተሰጠው እንደ ኾነ፥ ዘመኑ ያለፈ ወይም ቃሉ ያልገጠመ እንደ ኾነ፥ ከደንቡም ስንተኛው መስመር እንደ ተሠራበት ሳይቀር ያስታውቃል። በሌሎች ፕሮግራሞችም ሥርዓቱ ይመሳሰላል። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ለተመለሰው ሰው 18456 የሚል የስሕተት ቍጥር ይሰጠዋል፤ በራሱ ሎግ ግን ስሙ የማይታወቅ ከኾነ 5፥ የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ ከኾነ 8 ብሎ ለይቶ ይጽፋል። ስለዚህ ሹም ባለሙያውን «ሎጉ ምን ይላል?» ብሎ ሳይጠይቅ ምንም ለውጥ አይፍቀድ።

ሊደረግ ስለማይገባው ነገር

እዚህ ላይ የጽሑፋችን ዋና ነገር ይመጣል። በደንቡ ዝርዝር ውስጥ ትረስት የሚባል ቃል አለ፤ ትርጓሜው «እመነው» ማለት ነው። በአንድ መስመር ላይ ይህ ቃል ከተጻፈ፥ በዚያ መስመር የሚመጣ ማናቸውም ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ራሱን በጠራበት ስም ይገባል፤ «እኔ የሰርቨሩ አዛዥ ነኝ» ቢልም እንኳ ይታመናል። ቃሉ በተጻፈበት ደቂቃ ክልከላው ኹሉ ይጠፋል፥ ሥራውም ይቃናል፥ ሹሙም ባለሙያውን ያመሰግነዋል። የዚህ መድኃኒት መርዝነቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው።

ወደ ቀራንዮው ምሳሌያችን እንመለስ። ባለሙያው ደንቡን ለኹሉ አድራሻ በትረስት ከፍቶት ቢኾን ኖሮ፥ ባለይዞታዋ በዚያው ሰዓት ጕዳይዋ ተፈጽሞላት ደስ ብሏት በሄደች ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ወር በኋላ ሌላ ሰው ከዚያው መስመር ገብቶ በጸሐፊው ስም የማሳዋን ወሰን ቢያዛውር፥ ሎጉ የሚመሰክረው ጸሐፊው እንደ ሠራው ነው። ጸሐፊው አልሠራኹም ይላል፤ እርስዋም መሬቴ ተወሰደ ትላለች፤ ዳኛውም በማን ቃል እንደሚፈርድ ይቸገራል። ንጹሑ ጸሐፊ ይጠረጠራል፥ ጥፋተኛው ይሰወራል፥ መዝገቡም በጠቅላላው የማይታመን ይኾናል። በዐማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ አብሮ መስፈሩ ለሚስት ትልቅ ዋስትና ነው፤ ነገር ግን በዳታቤዙ ውስጥ ያለው ቃል ያለ ምስክር የሚለወጥ ከኾነ በእጅዋ ያለው ደብተር ከመዝገቡ ጋር የማይስማማ ወረቀት ኾኖ ይቀራል።

አንድ የይለፍ ቃል ለብዙ ሰው መስጠትም ከዚህ የማይለይ ጥፋት ነው። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ በኮምፒዩተሩ ጫፍ ላይ መለጠፍ ማኅተምን በአደባባይ ማንጠልጠል ነው። «አለቃው ለስብሰባ ሄዷልና በእርሱ ስም ግባ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ለተተኪው በራሱ ስም ፈቃድ ይሰጠው። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በ2008 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 958 ወንጀል መኾኑን፥ የሰውን የግል መረጃ መጠበቅም በ2016 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1321 ግዴታ መኾኑን ኹሉ ሊያውቀው ይገባል።

የሹማምንት ተግባር

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንት የሚከተለውን እንዲጠብቁ እናሳስባለን።

ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው። የሥራው ፕሮግራም በአንድ ስም ወደ ዳታቤዙ የሚገባ ከኾነ ደግሞ ለውጡን ያደረገውን ጸሐፊ ስም ፕሮግራሙ ራሱ ይመዝግብ፤ የዳታቤዙ ሎግ የሚያውቀው ፕሮግራሙን ብቻ ነውና።

ሠራተኛ በዝውውር ወይም በጡረታ የተለየ እንደ ኾነ በዚያው ዕለት ስሙ እንዳይገባ ይታገድ። ስሙን ከማጥፋት ማገድ ይሻላል፤ የሠራው ሥራ በስሙ ተመዝግቦ ስለሚኖር ወደ ፊት ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይኾናል። በታገደበት ሰዓት ገብቶ የሚገኝ ከኾነ ግን እገዳው ብቻውን አያስወጣውምና ግንኙነቱ ይቋረጥ።

የደንቡ ዝርዝር በየጊዜው ይመርመር፤ ትረስት የሚል መስመር ከተገኘ ማን፥ መቼ፥ ለምን እንደ ጻፈው ይጠየቅ። ከማናቸውም እርማት በፊትም የቀድሞው ደንብ ግልባጭ ይቀመጥ፤ የታረመውም ነገር ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይያዝ።

ባለይዞታዎችም በበኩላቸው «ሲስተም የለም» ሲባሉ በትዕግሥት ይጠብቁ፤ ነገር ግን ጕዳያቸው በማን ስም እንደ ተፈጸመ የመጠየቅ መብታቸውን አይተዉ። ሹሙም የሚጠብቀውን ባለጉዳይ እንዲያው አያስቀምጥ፤ ማመልከቻውን በወረቀት ተቀብሎ ቀንና ሰዓት ጽፎ ደረሰኝ ይስጠው፤ በሩ በተከፈተ ጊዜ ተራው እንዳይጠፋበት ነው።

በምሳሌያችን ባለሙያው ሎጉን አንብቦ፥ አድራሻው መለወጡን አይቶ፥ ኮምፒዩተሩን ወደ ቀድሞው አድራሻ መልሶ በዚያው አስመዘገበው፤ ጸሐፊውም በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ገባ። ይህ ምርመራ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ባለይዞታዋ አንድ ሰዓት ጠበቀች፤ ነገር ግን ይዛ የሄደችው ማስረጃ ለልጆችዋ የሚተርፍ ነው። በር ጠባቂ የታወቀውን ሰው በስሕተት ቢመልስ ስሕተቱ በአንድ ቀን ይታረማል፤ ያልታወቀውን ሰው ያስገባ እንደ ኾነ ግን ጥፋቱ ስንት ዓመት ቈይቶ እንደሚገለጥ፥ በማንስ ማሳ ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ስለዚህ በሩ በተዘጋ ጊዜ ምክንያቱን በተራ እንመርምር እንጂ በሩን አንስበር።